የአባቴ ጥቁር ቡሶላ

ሸዋ ሮቢት፣ ቅዳሜ ኅዳር 10 ቀን 1931 ዓ.ም.

ዛሬ ቀንቶኛል! የካሚዮኑ የኋላ ጎማ ዳዶ ዝጎ አልፈታ አለ። ጣሊያኑ አለቃችን ሳጥኑን ከፍቶ፣ እንደ መስተዋት ፊት የሚያሳየውን ባለ ክሮም ዳዶ መፍቻ ቡሶላ ሰጠኝ። አባቴ የሠራልኝ ጥቁር ቡሶላም ከጆንያዬ ሥር ነበር። አስቀያሚ ስለሆነ አፍሬበት የሚያብረቀርቀውን መረጥኩ።

"በመዶሻ ምታው!" አለኝ አለቃው። መታሁት። ቡሶላው እንደ ብርጭቆ ለሁለት ተሰነጠቀ።

አለቃው ሊገርፈኝ አለንጋውን ሲያነሳ ጊዜ ጥቁሩን መዥርጬ አወጣሁ። አባቴ ከተሰበረ የካሚዮን ባሌስትራ ቀጥቅጦ ነው ያበጀው። ያጋለውን ብረት ውሃ ውስጥ አይነክርም፤ ሰሊጥ ዘይት ውስጥ ነው የሚነክረው። ውሃ ብረቱን ደረቅ ያደርገዋል፣ ሲመታ ይሰበራል ይላል። ዳዶው ላይ ሰክቼ ሦስት ጊዜ በመዶሻ አቀመስኩት። ዳዶው ሲጢጥ ብሎ ዞረ!

"አላሁ አክበር!" አለ አብሮኝ የሚሠራው አሊ።

አለቃው አለንጋውን ጥሎ ጥቁሩን ቡሶላ አገላብጦ አየና "ማን ሠራው?" አለኝ።

"አባቴ። ቀጥቃጭ ነው" አልኩት፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ።

አሊ ዞር ብሎ አየኝ። ዓመት ሙሉ አባቴ ገበሬ ነው ስለው ነው የኖርኩት። ሰው ቀጥቃጭን ቡዳ ነው ስለሚል ፈርቼ ነበር። አሊ ግን ሳቀና "ታዲያ ለእኔም አሠራልኝ እንጂ!" አለኝ።

ነገ አገር ቤት ሄጄ ለአባባ ሁሉንም እነግረዋለሁ። "የዘይቱ ነገር ነው" ብሎ ያቃልለዋል። ገበሬ ነው እያልኩ ስክደው መክረሜን ግን በየትኛው አፌ...