መብራቱ ሳይጠፋ የተነቀለው ፍላሽ

ሰኞ፣ ግንቦት 14 ቀን 1998፣ ሰቆጣ

ዛሬም «መሠረት ትሥራው» አሉ ኃላፊያችን አቶ ካሡ። ሥራው ደሃና ላይ የገብስ ዘር የሚታደላቸው ገበሬዎች ስም ዝርዝር ነው። እዚህ ቢሮ አራት ዓመት የተየብሁት እኔ! እሷ ከባሕር ዳር ከመጣች ገና ሦስት ሳምንቷ። አዲሱ ኮምፒውተርም ለእሷ፣ አሮጌው ለእኔ። ቀናሁ እንዴ? አዎ፣ ቀናሁ።

ማክሰኞ

ዝርዝሩን ጨርሳ ወደ ፍላሽ ገለበጠች። የፍላሹ መብራት ገና ብልጭ ድርግም እያለ ነቀለችው! አየሁ። እሷ የለመደችው ዊንዶውስ ነው። የእኔም አሮጌ ዊንዶውስ ነው፤ እንዲያ ቢነቀልም ብዙ ጊዜ ምንም አይል። አዲሱ ግን ሊኑክስ ነው። «ገልብጫለሁ» ይላል እንጂ ገና በጭንቅላቱ ይዞት ይቆያል፤ ከመንቀል በፊት «አውጣ» የሚለውን ተጭነው ፍላሹን በወጉ ካላሰናበቱት አያወርደውም። እሷ ሳትመጣ በዚሁ በአዲሱ ስሠራ አንድ ቃለ ጉባኤ ባዶ ሆኖብኝ ነው የተማርሁት። ያን ቀን አቶ ካሡ ፊት የተዋረድሁት!

ዝም አልሁ። እሷም ትቅመሰው። ሐሙስ ማለዳ ፍላሹ በመኪና ደሃና ይሄዳል፤ ዝርዝሩ እዚያ ታትሞ ዘሩ ይታደላል። ባዶ ሆኖ ሲገኝ «መሠረት፣ መሠረት» ሲሉ እሰማለሁ።

ረቡዕ

አክስቴ እማማ ጥሩነሽ ከደሃና በእግራቸው መጡ። «ስሜ አለበት ወይ ልጄ? አምና ዘር ቀርቶብኝ መሬቴ ጦሙን አደረ» አሉኝ።

«አለበት እማማ፣ አይስጉ» አልሁ። ግን በዚያ ፍላሽ ላይ የት ነው ያለው? ውርደቱን የተመኘሁት ለመሠረት እንጂ ለእሳቸው አልነበረም።

መሠረት ለምሳ ስትወጣ ፍላሹን በእኔ ኮምፒውተር ከፈትሁት። የፋይሉ ስም አለ፣ ውስጡ ባዶ። እሰይ አልሁ፤ ወዲያው አፈርሁ።

ስትመለስ ባዶ መሆኑን ነገርኋት። «ወይ ጉዴ!» ብላ ራሷን ያዘች። አብረን እንደገና ገለበጥን፣ አሰናበትነው፣ መብራቱ እስኪጠፋ ጠበቅን። በአሮጌው ከፍተን አየን። ሁሉም ከነአያቱ፣ ከነጎጡ አለ። የአክስቴን ስም በጣቴ ነካሁት።

ሐሙስ

መኪናው ሄደ። ሹፌሩን ለምኜ አክስቴን ጋቢና አስቀመጥኋቸው።

አቶ ካሡ «ጎበዝ መሠረት!» ብለው ሲጀምሩ እሷ በሰው ሁሉ ፊት «ኧረ እኔማ ባዶውን ልልከው ነበር፤ ያዳነችኝ እሷ ናት» አለች። እሳቸውም እጄን ጨበጡኝ። ደስ ሊለኝ በተገባ! እግዜር ቅንነቱንም ለእሷ ሰጣት? እኔ ብሆን አልናገርም ነበር።

ከሰዓት «ነገ ምሳ እኔ ነኝ የምጋብዝሽ» አለችኝ። እሺ አልሁ። ማክሰኞ ዓይኔ እያየ ዝም ማለቴን ግን አልነገርኋትም።