እማዬ ስለ ውኃሽ ያዘዘችኝ

እታለም ሕይወት፣ ካናዳ ያለሽበትን ምድሩንም ውኃውንም አምላክ ይባርክልሽ። እማዬ ደብዳቤ ስታስጽፈኝ እንዲህ ነበር የምታስጀምረኝ። ይኸው አርባዋ ወጥቶ ራሴ ጻፍኩልሽ። የጉና ብርድ እዚህ ደብረ ታቦር ድረስ ወርዶብናል፤ ገብሱ ታጭዷል።

የከተማሽ ሰዎች የቧንቧ ውኃ ላይ ፍሎራይድ የሚባል የጥርስ መድኃኒት ይጨመር አይጨመር እያሉ እንደሚከራከሩ ከነገርሻት ወዲህ፣ ታማ ተኝታ እንኳ ሐሳቧ እሱ ብቻ ነበር። «መምህርህን ጠይቅልኝ» አለችኝ። የኬሚስትሪ መምህራችን ገመቹ የዝዋይ ሰው ናቸው፤ ቡናማ ጥርሳቸውን አሳዩኝ። «እኛ አገር ከመሬቱ በዝቶ ይወጣል፤ እንዲህ ያደርጋል። በልኩ ሲሆን ግን ጥርስ ያጠነክራል» አሉ።

ስነግራት «ልኩን ማን ይለካላታል? ጠንቃቃ ሰው መሆኑን ትጠይቅ ብለህ ጻፍላት» አለች። ያን ቀን የእኔ ጥርስ ታሞ ጉንጬ አብጦ ነበር። ባሳያት፣ «አንተማ አጠገቤ ነህ፤ በጨው ውኃ ተጉመጥመጥ» ብላ ወደ አንቺ ጉዳይ ተመለሰች። ቀናሁብሽ፣ እታለም። ዛሬም እቀናብሻለሁ።

የመረቀችሽ ሁሉ ይድረስልሽ። እሑድ እሑድ ስትደውዪ እኔን አስወጥታ ብቻዋን ነበር የምታወራሽ። ስለ እኔም ያለችሽ ነገር ካለ፣ አንድ ቃልም ብትሆን፣ እባክሽ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ተስፋነህ