ጥቁሩ መነጽርሽ

መካኒሳ፣ ግንቦት 9 ቀን 1990 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ተሾመች፣

እዚያ ቤሩት በወጣሽ በገባሽበት ሁሉ የሰፈራችን ሚካኤል ይከተልሽ። እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን። የእማዬም ወገብ ተሽሏታል።

ፎቶሽ ደርሶናል። የሰፈራችን ፎቶ ቤት አሳድጎ መስኮቱ ላይ ሰቅሎታል፤ የሰፈሩ ልጃገረዶች መነጽር እየተዋዋሱ እንዳንቺ ይነሳሉ። ትንሿ እህታችን ቲናም አንቺ ድሮ ከጋዜጣ ቆርጠሽ ግድግዳችን ላይ የለጠፍሻትን ሴት አብራሪ ልጣ አንቺን ሰቀለች። «አብራሪዋን ማን ያውቃታል? የእኔ አርአያ ተሹ ናት!» ትለኛለች።

እኔ ግን ፎቶውን ደጋግሜ አየሁት። መጋረጃው በተዘጋ ሳሎን ውስጥ ጥቁር መነጽር ምን ያደርግልሻል? ከጥር ወዲህስ ደብዳቤሽ ለምን ሁለት መስመር ብቻ ሆነ? ይህን ብጠይቅ እማዬ «ዲፕሎማሽን ታቅፈሽ ብትቀሪ በእህትሽ ቀናሽ!» አለችኝ። ደላላው ደግሞ ሳቀብኝ። የአሥራ ሰባት ዓመቷን ቲና ሃያ ሁለት አስብሎ ፓስፖርት አውጥቶላታል፤ በሰኔ ወደ አንቺ ሊልካት ነው።

ፓስፖርቱን ደብቄዋለሁ። እማዬ «ወይ አምጪ፣ ወይ ከቤቴ ውጪ» ብላኛለች። እወጣለሁ እንጂ አልሰጥም። እባክሽ እህቴ፣ መነጽሩን አውልቀሽ፣ ብርሃን ባለበት ቆመሽ ሌላ ፎቶ ተነሺና ቶሎ ላኪልኝ። ሰኔ ሳይገባ ይድረሰኝ።

እማዬ በእንባ ትስምሻለች። ቲናም «ሳሚልኝ፤ ለእኔም ያንን የመሰለ መነጽር ትላክልኝ» ብላለች።

እንዳትልኪላት።

ሁሌም የምታስብሽ እህትሽ፣
ማኑሄ