የወደቀ ኮክ አይለቀምም

ሐምሌ 5፣ ጠዋት

ከኮኩ ዛፍ የሰቀልኩትን የመጀመሪያውን የሃይላንድ ጠርሙስ ሲያወርደው ደጃፍ ላይ ቆሜ ጥርሴን እየፋቅሁ ነበር። አጎቴ እንድሪስ። በከዘራው መታው፣ ሽቦው ተበጠሰ፣ ጠርሙሱ ጭቃ ላይ ወደቀ። ረገጠው። ቡናማ ውሃና የሞተ ዝንብ ፈሰሰ። ወደሚቀጥለው ዛፍ አለፈ። አልቸኮለም። የገዛ ግቢውን እንደሚጠርግ ሰው ዛፍ በዛፍ እየዞረ የሰቀልኩትን ሁሉ አወረደ።

ሮጬ ስደርስ ጨርሷል። ምን አጠፋሁ አልኩት። ከዘራውን በፈሰሰው ዝንብ ላይ ቀሰረ። “ይኸው! የአገሩን ዝንብ ጠርተሽ የሰበሰብሽብን አንቺ ነሽ።” መለስ ብሎ ደግሞ፣ “እኩዮችሽ ባል ሲያጠምዱ አንቺ ዝንብ!”

እማ ወጥታ አየች። ሻርፗን አስተካከለች። ተመልሳ ገባች።

ያው ቀን፣ ከሰዓት

ዝናብ።

ደብተሬ፣ ላንተ እንኳ በሥርዓት ልንገርህ። ከጓሯችን ያለውን ኮክ የተከለው አባቴ ነው። እሱ ከሞተ ወዲህ እማና እኔ የምንኖረው ፍሬውን እየሸጥን ነው። ስለ ዕፅዋት ተምሬ፣ ተመርቄ፣ መካነ ሰላም ስመለስ ሥራ የለም። የግብርና ጽ/ቤቱ “ማስታወቂያ ሲወጣ” ይላል። አይወጣም። ስለዚህ ዛፎቹን ሥራዬ አደረግኩ። የአጎቴ ዛፎች ከኛ ቀጥሎ ናቸው፤ መሃላችን አጥር እንኳ የለም። አባቴ በነበረበት ጊዜ አያስፈልግም ነበር።

ጠላቴ ትንሽ ናት። ከቤት ዝንብ ታንሳለች፣ ክንፏ ዝንጉርጉር። ኮኩ መቅላት ሲጀምር ልጣጩን ትወጋና እንቁላሏን ውስጡ ትጥላለች። ትሉ ሥጋውን ይበላል፣ ኮኩ ይበሰብሳል፣ ይወድቃል። ትሉ ከወደቀው ወጥቶ አፈር ይገባል፤ ክንፍ አብቅሎ ይመለሳል። ይኸው ነው። ሟርት የለበትም፣ ዓይነ ጥላ የለበትም። ዝንቧን በሚስባት ሽታ አታልለህ ታጠምዳለህ፤ የወደቀውን በየቀኑ ለቅመህ አርቀህ ትቀብራለህ።

ሽታው የፈላ ነገር መሆን አለበት። መጀመሪያ በማያሰክረው መጠጣችን፣ በቃሪቦ ሞከርኩ። ዞር ብላም አላየችው። ከዚያ ከጎረቤታችን ከእትዬ ደብሬ የጠላ አተላ ለመንኩ። ጎረፈች። በሙስሊም ግቢ አተላ! አዎ፣ አስቤበታለሁ። ሃይማኖቷን ለዝንቧ ማን ይንገራት?

ሐምሌ 7

የባሰው ጠርሙሱ አይደለም፤ ጉድጓዱ ነው።

እዚህ የወደቀ ኮክ ባለቤቱ አይለቅመውም። ዛፍ ላይ ያለው የባለቤቱ፣ መሬት የነካው የመንገደኛና የችግረኛ። እኛ ሰደቃ እንለዋለን፣ እትዬ ደብሬ ጽድቅ ትለዋለች፣ ሁላችንም እናከብረዋለን። ደግ ልማድ ነው፤ አልሳለቅበትም። ከትምህርት ቤት ስንመለስ በሰው ዛፍ ሥር ሆዳችንን ሞልተን የምንገባው በዚሁ ልማድ ነበር። አሁን ግን የወደቀውን ድሃም አያነሳው። በግ እንኳ ያሸተውና ያልፋል። ሰደቃው የትል ሆነ፤ ሰፈሩ ሁሉ በየዛፉ ሥር ዝንብ ያረባል፣ እየመጸወትኩ ነው ይላል።

የምቀብረው እኔ ብቻ ነኝ። አጎቴ ይህን ይዞ ሰፈሩን ዞረ። የወንድሜ ልጅ የድሃ ድርሻ ትቀብራለች፣ በረከቱ የራቀን በሷ ነው። ከመስጊድ ሲወጣ፣ ከወፍጮ ቤት በር፣ ላገኘው ሁሉ። ዛሬ ቤቱ ሄድኩ። ከዛፉ ሥር አንድ አነሳሁና ፊቱ ሰነጠቅኩት። ትሎቹ መዳፌ ላይ ተፈናጠሩ። እዩ፣ አንቱ ራስዎ እዩት አልኩ። አየው። አየና ምን አለኝ? “ትሉም አላህ የሰጠውን ሪዝቁን ይሻል።” ፊቱን አዙሮ ሄደ።

ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ደብተር ላይ ግን “እሱ” ነው። እዚህ ማንም አይቆጣኝም።

ሐምሌ 8

እ. ደብሬ በእሷ በኩል ባለው አጥር ጠራችኝ። አተላዋም ክስ ተመሥርቶበታል፤ አጎቴ “ግቢያችንን በአስካሪ አረከሱት” ብሏል። ሳቋን መያዝ አቃታት። “ዕድሜዬን ሙሉ ለላም ስሰጠው የጠየቀኝ የለ፤ ለዝንብ ብሰጥ ሸንጎ ሊቀመጥብኝ ነው!” አለች። እኔም ሳቅኩ። እሷ ብትከሰስ ትስቃለች፣ ዛፏን የሚነካባት የለም። እኔን ግን?

ሐምሌ 10

ከማል ከጅዳ ደወለ። ወንድሜ። እማ ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርጋ መሃላችን አስቀመጠችው። አጎታችን ደውሎ ነግሮታል፣ መቼም ቀድሞ። አብሽሪ፣ አይዞሽ እህቴ ብሎ ጀመረ፤ ደግ ነገር ሊመጣ ይመስላል። አልመጣም። ተክሉን ለጋሼ እንድሪስ ተይለት፣ ወንድ ነው፣ ያውቅበታል፣ እኔ እስክመጣ ይያዘው። ጠብ አልፈልግም። እኔ ሰው አገር ሆኜ የናንተን ጠብ መስማት የለብኝም።

ዛፎቹን ካየ ስንት ክረምት እንዳለፈ ጠየቅኩት። “ተምረሽ ያመጣሽው ጠብ ነው” አለ።

ከማልን እወደዋለሁ። የጣራችንን ቆርቆሮ የላከው እሱ ነው። ለዚህም ነው ቃሉ ቤታችን ውስጥ የሚከብደው፤ ቆርቆሮ ያለበሰ ይናገራል፣ ከሥሩ ያለን እንሰማለን። እኔ ለአንድ ዛፍ ስንት ጊዜ እንደጎነበስኩ ስልክ አያሳይም።

አለቀስኩ። ጻፍኩት፤ አልሰርዘውም።

ሐምሌ 14

ጽ/ቤት ዋልኩ። ባለሙያ መጥቶ ለሰፈሩ እንዲያስረዳ ለመንኩ። ወንድ ባለሙያ ይሁን አልኩ ራሴ፤ እስከዚህ ዝቅ ብያለሁ። መኪና የለም አሉ። በእግር ያስኬዳል አልኩ። ጭቃ ነው አሉ። እውነት ነው፣ ጭቃ ነው። በዚያው ጭቃ ተመለስኩ።

ግቢ ሳልገባ ሸተተኝ። አጎቴ መርጫ በጀርባው አዝሎ የራሱን ዛፎች ረጭቷል፣ ተሻግሮም የኛን። የበሰለ ኮክ ላይ! ከገበያ የገዛው ነው፤ ምልክት በሌለው ጠርሙስ፣ ስንዴ ላይ ሲረጭ አይቻለሁ በሚል ሰው ምክር። ምን እንደሆነ እሱም አያውቅም፣ የሸጠለትም አያውቅም። ትሉ ውስጥ ነው፤ መድኃኒቱ ልጣጩ ላይ ይቀራል። የሚበላው ሰው ነው። ሄጄ ነገርኩት። ነገ ገበያ እንዳታወጡት፣ ሰው ይጎዳል። “ታጥቦ ይበላል፣ ምን ታካብጃለሽ?” አለኝ።

ስመለስ እማ ጓሮ ካለው የንብ ቀፏችን ጋ ተቀምጣለች። ንቦቹ በአጎቴ በኩል ከወደቀው ኮክ ጭማቂ ይቀስሙ ነበር፤ ያም ተረጭቷል። ቀፎው አፍ ላይ ጥቁር ሆነው ረግፈዋል። እማ በሰፌድ ትሰበስባቸዋለች፣ አንዳንዷ ገና እግሯን ታነሳለች። ቀና ብላ አየችኝ። “ይኼንንም ባንቺ ያሳብበው ይሆን?” አለች። ከአባቴ ሞት ወዲህ በአጎቴ ላይ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል።

ሐምሌ 15፣ ከገበያ መልስ

አደረግኩት።

ኮኩን በአህያ ጭኖ አወጣው። ቀይ፣ የሚያምር፣ ዝናብ ያጠበው የሚመስል። አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ። ለሚጠጋ ሁሉ ተናገርኩ፦ ትናንት መርዝ የተረጨ ነው፣ ለልጅ አትስጡ። አልጮህኩም። ሰላምታ እንደምሰጥ ነው ያልኩት። አንዷ በእጇ የያዘችውን መልሳ አስቀመጠች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ሌላዋም ሰማች። ገበያ መቼም ይሰማል።

“ሂጂ ከዚህ፣ ያበድሽ!” አለ። ቆምኩ። ወንድሜ ሲሞት ቀሚስ የለበሰች ጠላት ወረስኩ ብሎ ለገበያው ሁሉ አሰማ። ቆምኩ። ሰዎች ሳቁ፤ በኔ ይሁን በሱ አልለየሁም። በመጨረሻ ሙሉውን መልሶ ጫነ።

የኛንም አልሸጥኩም። ያም ተረጭቷል። የክረምቱን ድካሜን በገዛ እጄ ጉድጓድ ጨመርኩት። እማ ቅርጫቱን በአንድ ጎን ይዛ አገዘችኝ። አልተነጋገርንም። የተረፈን ገና ያልበሰለው፣ ከላይ ቅጠል የሸፈነው ብቻ ነው።

ሐምሌ 17

አጎቴ ሽማግሌ ልኳል። በገበያ አዋርዳኛለች ብሎ። መርዙ አላዋረደውም፤ እኔ ነኝ ያዋረድኩት።

ሐምሌ 23

ተቀመጡ። የመስጊዳችን ሼህና ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንዱ የእ. ደብሬ ወንድም። በረንዳችን ላይ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ሁሉም እየጮኸ ይናገራል።

አጎቴ በሦስት ነገር ከሰሰኝ፦ አተላ፣ ጉድጓድ፣ ገበያ። አተላው ላይ ሼሁ ጢማቸውን ዳሰሱ። “የጠጣው ዝንቡ ነው። ዝንብ ደግሞ ሶላት የለበት።” ሁሉም ሳቁ፣ ከአጎቴ በቀር።

ጉድጓዱ ላይ እኔ ተነሳሁ። ሰሞኑን የደረሰውን፣ መርጫው ያላገኘውን፣ ከሁለቱም በኩል ለቅሜ አቅርቤያለሁ። ሼሁ ራሳቸው ይሰንጥቁ አልኩ። ቢላ ይዘው ሰነጠቁ። የአጎቴ፣ ትል። ደገሙ፣ ትል። የኛን ሰነጠቁ፣ ንጹሕ። አንዱ ብቻ ትል ነበረበት፤ እሱንም አልደበቅኩም። ድሃ የሚበላው የትኛውን ነው? ሰደቃ የሚባለው ለድሃ ትል መስጠት ነው ወይ? አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፣ ደብተሬ። ለዚህ ምስክሬ አንተ አይደለህም፣ ሰው ነበር።

ሼሁ ቢላውን አስቀመጡ። “ልጅቷ እውነት አላት” አሉ። የእ. ደብሬ ወንድም፣ ትክክል ነው፣ ኧረ ትክክል ነው አለ። ሦስተኛው ራሱን ነቀነቀ። ልቤ ሞላ። አባቴ በኖረ አልኩ።

ከዚያ ከሼሁ አፍ “ነገር ግን” መጣች።

ነገር ግን አጎትሽ ታላቅ ነው። አባትሽ ማለት ነው። በሰው ፊት አሳፍረሽዋል። ጉልበቱን ስመሽ ይቅርታ ጠይቂ። ተክሉንም ለሰላም ሲባል ከማል እስኪመለስ እሱ የእኩል ያርስላችሁ፣ ፍሬውን ግማሽ በግማሽ ትካፈላላችሁ፤ አንቺም ያወቅሽውን በቀስታ ትነግሪዋለሽ። ሴት ልጅ በቀስታ ስትናገር ቃሏ ይሰማል።

አጎቴ መሬቱን እያየ ፈገግ አለ።

እማን ጠየቁ። የተክሉ ባለቤት እሷ አይደለች? “ልጄ ያለችውን እላለሁ” አለች። ያን ያህል ብቻ። ሰዎቹ ተያዩ፤ ይህን አልጠበቁም። እኔም አልጠበቅኩም። መልስሽን ነገ አሉኝ።

ሐምሌ 24፣ ረፋድ

ጉሙ ገና አልተነሳም። ሼሁ ለመልስ መንገድ ላይ ናቸው። ቶሎ ልጻፍ።

እማን በጠዋቱ ጠየቅኳት፤ እምቢ ብል ከማል ያኮርፋል፣ አጎቴ ደጃችንን አይረግጥም፣ ሲቸግረን የሚደርስ ወንድ የለንም። አውቃለሁ አለች። ከማል የኔ ልጅ ነው፣ ኩርፊያው ያልፍለታል። ተክሉ ግን አንዴ ከእጃችን ከወጣ ማን ይመልሰዋል? ይህን ብላ ዝናር ልታስታጥቀኝ የፈለገች ይመስል መቀነቴን አጠበቀችልኝ።

ስለዚህ። ሼሁን እጃቸውን እስማለሁ፣ ቁርስ አቀርባለሁ። አጎቴን በመንገድ ሳገኘው ሰላም እለዋለሁ፤ አልጠላሁትም ማለት አልችልም፣ ሰላምታ ግን አልነፍገውም። ድንበሩ ላይ አጥር አጥራለሁ። መርጫ አዝሎ ቢሻገር የምሄደው ወደ ሽማግሌ ሳይሆን ወደ ፖሊስ ነው። ያወቅሁትን መስማት ለሚፈልግ፣ ለሱም ጭምር፣ በሙሉ ድምፄ እነግራለሁ። ቀስታውን ለሚተኛ ሰው ይስጡት።

ጉልበቱን አልስምም። ተክሉን አላስረክብም፤ ለእኩልም፣ ለአንድ ክረምትም።

የበር ድምፅ። መጡ።

አታውቂም፣ እናስተምርሽ ቢሉኝ እቀመጥና እማራለሁ። ተሳስተሻል ብለው ቢያሳዩኝ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ትክክል ነሽ፣ ይቅርታ ጠይቂ የሚለውን ግን ከእንግዲህ ከማንም አልቀበልም።