ወደ አሶሳ ባቡር የለም

ውድ ልጄ ገላኔ፣ ጌታ መውጣት መግባትሽን ይባርክ። እኔ ደህና ነኝ፤ ማንጎው ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎነበስ አፍርቷል።

እዚያ በባሕር ማዶ የሙዚቃ ቡድናችሁ አየሩን ላለመበከል አውሮፕላን ትቶ በባቡር እንደሚዞር፣ ድምፅ ማጉያውንም በደረሰበት ከተማ እንደሚዋስ ስትነግሪኝ፣ ሥራሽ እንዳይበላሽ ሰጋሁ። ዋዛ የሚባለውን የቅል መለከት የሚነፋው ጎረቤታችን ሃሚድ ግን ሳቀብኝ። «ዲሳሳ፣ እኛስ መለከቱን ተሸክመን ከሰርግ ሰርግ በእግር አይደል የምንሄድ? ከበሮውን ባለሰርጉ ያመጣል። ልጅህ የእኛ ሆነች!» እውነቱን ነው፤ በርቱ።

በጸሎት ራሴን ስመረምር ግን ለካ የፈራሁት እንዳትቀሪብኝ ነው፤ ወደ አሶሳ የሚመጣ ባቡር የለምና። ስለዚህ በየዓመቱ በአውሮፕላን ለሳምንት ብቅ ከምትዪ፣ በሁለት ዓመት አንዴ ነይና ክረምቱን ሙሉ ከእኔ ጋር ክረሚ። ጌታ ድምፅሽን ይጠብቅልኝ።

አባትሽ ዲሳሳ