እሳት ጠግቧል

ውድ እናቴ፣ እንዴት ከርመሻል? አፈር ስትሸከሚ የጎዳሽ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ማገዶሽንስ ዝናብ አላረጠበብሽም? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ሰውነቴ ደህና ነው፤ ልቤ ግን ከእሑድ ወዲህ አላረፈም። በስልክ እንዳልነግርሽ ድምፅሽን ስሰማ ወሬ እቀይራለሁ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ወንድሜ አማኑ ያንብብልሽ።

ባለፈው ደብዳቤዬ፣ የኤልናታን ቤተሰቦች ሽማግሌ ሲልኩ እንዳያዩብሽ፣ ሸክላሽን ሁሉ አጎቴ ጓሮ እንድትደብቂ ለምኜሽ ነበር። «እናቴ ገበያ ትነግዳለች» ብያቸዋለሁ፤ የምትሸጪውን ራስሽ እንደምትሠሪው ግን ዋጥ አድርጌዋለሁ። ሸክላ ሠሪን በምን ዓይን እንደሚያዩ ታውቂያለሽ።

እሑድ የኤልናታን እናት፣ እትዬ ወለተጻድቅ፣ እኔንና ኤልናታንን የሸክላና የፖርሴሊን ዐውደ ርእይ ይዘውን ሄዱ። የጎረቤታቸው ልጅ ፋሲካ ሥራዋን አቅርባ ነበር። እሷን ግን ሸክላ ሠሪ አይሏትም፤ አርቲስት ነው የሚሏት። እማዬ፣ ስኒዎቿ ነጭ ናቸው፤ እንደ እንቁላል ቅርፊት ስስ ከመሆናቸው የተነሳ ብርሃን ያሳልፋሉ። ይህ እንዴት እሳት ቻለ ብዬ ተገረምኩ። ሸክላ ምላስ ላይ ተጣብቆ ከያዘ እሳት አልጠገበም ትዪ የለ? አንዱን ገልብጬ፣ ሳላስበው፣ ቂጡን ምላሴ ላይ አስነካሁት። አልያዘኝም። «እሳት ጠግቧል!» አልኩ ጮክ ብዬ።

ፋሲካ ደስ ብሏት «እንዴ፣ ሸክላ ትሠሪያለሽ?» አለችኝ። እትዬ ወለተጻድቅ ዓይናቸውን ከአፌ ላይ አልነቀሉም። ነግሬው ሁሉን የሚያውቀው ኤልናታን ወለል ወለሉን ያያል፤ እስከ ዛሬ ተቀይሜዋለሁ። መዋሸት እችል ነበር። ግን «እናቴ ናት የምትሠራው፤ እኔም ከእሷ ጋር ጭቃ እያቦካሁ ነው ያደግኩት» አልኩ።

ከዚያ በታክሲ ተመለስን። እትዬ ወለተጻድቅ አየር ጤና ሲወርዱ ዞር ብለው «እናትሽን ከእኛ የደበቅሽ፣ ነገ እኛንስ ከማን ትደብቂናለሽ?» አሉኝ። ይኸው አምስት ቀኔ። ሽማግሌዎቹ ይሂዱም አላሉም፣ ይቅሩም አላሉም። ቀጠሮው ደግሞ ኅዳር 21 ነው።

እማዬ፣ ይቅር በይኝ። ያሳደገኝን እጅ ነው ደብቂው ያልኩሽ።

አክስቴን አልማዜን ጉንጯን ሳሚልኝ። አጎቴን ገብረአምላክን ጓሮውን ስላጣበብኩበት ይቅርታ በይልኝ። አማኑ ደግሞ ይህን አንብቦልሽ ሲጨርስ ይነሳና ሸክላሽን መልሶ ደጃፍሽ ላይ ይደርድርልሽ፤ ሽማግሌ መጣም ቀረም።

ልጅሽ ምህረት
ኮልፌ ቀራኒዮ፣ ዓለም ባንክ
ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም.