የአማስያ ፊርማ

ዳላስ፣ ኅዳር 1990 ዓ.ም.

ይድረስ አንድ ብርድ ልብስ አብራኝ ለለበሰችው እህቴ፦

አሰላሙ ዐለይኩም። ያ ሳል ለቀቀሽ ወይ? አከራያችን አሮጊቷስ ደህና ናቸው? ዛሬም በወንዙ በኩል ያለውን መስኮት አትክፈቱ ብለው ይቆጣሉ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ እዚሁ አጠገብ ኧርቪንግ በምትባል ከተማ፣ ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጥፋለሁ።

ስለ አገሩ ጠይቀሽኝ ነበር። ሜዳ ነው። ቱርክ፣ አማስያ በስደት እያለን ተራራው ዙሪያዬን ከቦ አነቀኝ እያልኩ ስነጫነጭ ትዝ ይልሻል? እዚህ ዐይኔን የማሳርፍበት ጉብታ እንኳ አጣሁ። ባለፈው ወር ጉንፋን ጥሎኝ ሦስት ቀን ስተኛ በሬን ያንኳኳ የለም። እዚያ ቢያንስ ከከተማው አለመውጣታችንን ለማሳየት ሐሙስ ሐሙስ ፖሊስ ጣቢያ ስንፈርም ስማችንን የሚጠራ ፖሊስ ነበር። ስንቴ ረገምኩት መሰለሽ!

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ታመሽ የተኛሽ ጊዜ ያን ሐሙስ ስላልፈረምሽ፣ ያለ ፈቃድ ከከተማው ወጥታለች ብለው የስደተኝነት ፋይልሽን አቁመውታል አልሽኝ። መታመምሽን የሚገልጸውን የሐኪም ወረቀት እኔ እንዳደረስኩልሽ፣ እነሱ እንደጣሉት ምለሽ ተከራከርሽ። አትማይ፣ እህቴ። አላደረስኩትም።

ያን ቀን ጠዋት ነው የአሜሪካ መግቢያ ፈቃዴ የመጣው። እኔ ፊርማው ቀርቶልኝ ነበር። ወረቀትሽን ቦርሳዬ ከትቼ ወጣሁ፤ ደስታው አሳብዶኝ ገደሉ ላይ ወደተፈለፈሉት የጥንት ነገሥታት መቃብሮች ወጣሁ። አንድ ቀን አብረን እንወጣለን ያልነው እኮ ነው! ከዋሻው አፍ ቁጭ ብዬ ወንዙ ላይ ከተደገፉት የእንጨት ቤቶች መሃል የእኛን መስኮት ፈልጌ አገኘሁት። አንቺ እዚያ ውስጥ ትስያለሽ። ስወርድ ጣቢያው ተዘግቷል።

ቤት ስገባ ሰጠሁት አልኩሽ። በማግስቱ ልወስደው አሰብኩ፤ ደግሞ ነገሩ ዞሮ የኔን ፈቃድ ቢያስቀርስ ብዬ ፈራሁ። በሳምንቱ በረርኩ። ስትሸኚኝ ያን የአማስያ ፖም በመሐረብ ቋጥረሽ ሰጠሽኝ። ወይ ነዶ! አንዱንም መዋጥ አልቻልኩም።

ወረቀቱ ይኸው፣ አብሬ ልኬዋለሁ። ያደረግኩትንም ሁሉ ዘይነብ የምትባል የሥራ ባልደረባዬ በእንግሊዝኛ ጽፋልኝ ፈርሜበታለሁ። የኔው የመኖሪያ ወረቀት እንዳይበላሽ፣ እንዳልልከው ለምናኝ ነበር። ይበላሽ። ሁለቱንም ለዩኤን የስደተኞች ቢሮ ስጪልኝ።

አላህ ያሽርሽ፤ መንገድሽን ይክፈትልሽ። እዚህ ሁለት አልጋ ዘርግቻለሁ፤ በመስኮቱ በኩል ያለው ያንቺ ነው። ስድብም ቢሆን ጻፊልኝ፤ ብቻ ስሜን ጠርተሽ ስደቢኝ።

ጥላሽ የሄደችው እህትሽ